የገመዱ ጫፍ

ከሙሐረቅ ወጣን፤ ባሕሩ ዘይት መስሏል፤
ሠላሳ ሰው ጭኖ አንድ ጀልባ ቆሟል።
ለሉል፣ ግማሹ ሰው ታች ወርዶ ይለቅማል፤
ግማሹ ከላይ ሆኖ ገመድ ይጎትታል፤
ናኾዳው ከጥላው ዕዳ ይመዘግባል።

እኔ ከዚያ ዘመን አይደለሁም።
ገና ካልነጋ ቀን ተልኬ መጥቻለሁ፤
ሕጉን ከምላሴ ሥር እንደ ክኒን ይዣለሁ፦
እይ። ጻፍ። ተመለስ።
ሲሸኙኝም አሉ፦
«እዚያ ያለው ሁሉ ሞቷል ድሮ ለአንተ፤
ሬሳ አያድኑም፣ አስቀድሞ ከሞተ።»

ግን ሬሳ አይስቅም።
ነገዎ ይስቃል።
ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ የአፍንጫ መቆንጠጫውን
ጆሮው ላይ ሰክቶ እንደ ጉትቻ፣
«ሙሽራ መሰልኩ?» ይላል።

በመዝገቡ ላይ ስሙ መርዙቅ ነበር፤
ጌታው ያወጣለት፣ ሲገዛው በብር።
ኋላ ነጻ ነህ ብለው ወረቀት ሰጡት፤ ዕዳ ጨመሩበት።
ማታ፣ ጨው ካደረቀው ሸራ ሥር ተኝተን፣
ከሊሙ ያመጣውን ስም ሹክ አለኝ፦ ነገዎ።
በእሱ አፍ ሰላም ነው።
በእኔ ጆሮ ግን ነገ፣ የእርስዎ ነገ፤
አንቱ ብዬ የምጠራው፣ የማልሰጠው ነገ።

አውቀዋለሁና።
በወጣትነቴ፣ ከመዝገብ ቤት አቧራ፣
ሁለት የሻገተ መሥመር አንብቤያለሁ፦
«መርዙቅ ጠላቂው ሞተ። የገመድ ያዡ እጅ ዘገየ።
ዕዳው፣ መቶ አርባ ሩፒ፣ ለልጁ ተላለፈ።»

ያን ገመድ ያዥ ስንት ዓመት ረገምኩት!
ሰክሮ ይሆናል አልኩ፤ ወይ ያንቀላፋ፤
ወይ ቂም የቋጠረ፣ ወይ ልቡ የጠፋ።
ስሙን ፈለግሁ፤ አልተጻፈም።
ይህን ጉዞ የለመንኩት ፊቱን ለማየት ነው።

ሳልሚን ነበር፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
የነገዎን ትንፋሽ ከራሱ አብልጦ ያወቀ።
በዚያ ጠዋት ግን ትኩሳት ጣለው።
ናኾዳው ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፦
«አንተ፣ ውኃ ቀጂ! ያዝ።»
ገመዱ መዳፌ ውስጥ ገባ፤
እርጥብ፣ ሻካራ፣ እንደ ላም ምላስ።

ያኔ ነው የገባኝ
ስሙ ለምን እንዳልተጻፈ።

ነገዎ ድንጋዩን ከእግሩ አሰረ። ዞሮ አየኝ።
«እጅህ ለስላሳ ነው» አለ። «ግድ የለም፤
ነቅነቅ ሳደርገው ሳብ።»
ሄደ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሰባ ላይ ገመዱ ነቅነቅ አለ።

ሕጉ ከምላሴ ሥር ሟሟ፤ መረረ።
ብስበው፣ ልጁ ዕዳ አይወርስም፤
ዕዳ ያልወረሰ አገር ጥሎ አይሸሽም፤
ካልሸሸ ያቺን ሴት አያገኛትም፤
አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ፣ ሠርጉና ልቅሶው፣
ከዚያው ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል።
ባልስበው፣ አንድ ሰው።
አንድ ሰው፤ ሙሽራ መሰልኩ ያለኝ።

ደግሞ ነቅነቅ አለ።
ሦስተኛው ደካማ ነበር፤
ሕፃን የእናቱን ቀሚስ እንደሚጎትት።

ሳብኩ። በመጨረሻ ሳብኩ።

ሕጉን አክብሬ ነው የዘገየሁት? ፈርቼ?
ወይስ ይህ የወረቀት እጅ ገመድ አልችል ብሎ?
እስከ ዛሬ አላውቅም።
መዝገቡም ምክንያት አይጠይቅም።

ስመለስ አጨበጨቡልኝ።
«ምንም አልተለወጠም» የሚል ማኅተም መቱ።
እጄን አገላብጠው ፈተሹ፤ ጭረት እንኳ የለም።
የሳልሚን መዳፍ በገመድ የታረሰ ነበር።

አሁን ሙሐረቅ ነኝ፣ በራሴ ዘመን።
ባሕሩ በአሸዋ ተሞልቷል፤
ጀልባችን ከተነሣበት መኪና ይቆማል።
ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ
ከመስኮት ወጥታ መስታወት ትወለውላለች፣
በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ።
ወደ ታች አየች።
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አልሰማሁም።

ኪሴን ዳበስኩ። የተገለበጠ መዝገብ የለም።
ስለዚች ቀን ገና ማንም አልጻፈም።
መዳፌን ላብ አራሰው፤
አሳንሰሩን ሳልጠብቅ ደረጃውን ያዝኩት፦
አንድ። ሁለት። ሦስት።